በጨረቃ ዋልታዎች ዙሪያ ያሉት የግጭት ጉድጓዶች በአፈጣጠራቸው ከሌሎቹ ይለያሉ ወይ?

ጥያቄ — የጣርማበሩ መምህር

ለተከበራችሁ አባላት፦

በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ሲና አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ያደጉት በገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ ስለ መሬት አቀማመጥ የሚያነሡት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከመማሪያ መጽሐፉ ይቀድማል። ከጣርማበር ቁልቁል ሲመለከቱ የሚያዩት ጥቁር አለት ቀልጦ ፈስሶ የረጋ መሆኑን፣ የመገዘዝ ተራራም ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ መሆኑን ያውቃሉ። የጨረቃን ደቡብ ዋልታ ምስል ባሳየኋቸው ጊዜ ታዲያ አንዲት ተማሪ ሻክልተን የተባለው ጉድጓድ እንደ መገዘዝ ያለ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው ወይስ ከሰማይ በወደቀ ነገር የተቆፈረ ነው ስትል ጠየቀችኝ። በግጭት የተፈጠረ መሆኑን ነገርኋት። እርሷ ግን በዚህ አልረካችም፤ ጨረቃ መላ አካሏ በእንዲህ ያለ ጉድጓድ የተሞላ ከሆነ፣ ሳይንቲስቶች በዋልታዎቹ አካባቢ ያሉትን ነጥለው የሚያወሱት ለምንድን ነው አለችኝ።

ያነበብኋቸው ጽሑፎች አፈጣጠሩንና አቀማመጡን እየቀላቀሉ ስለሚያቀርቡ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት። የዋልታ ጉድጓዶች አፈጣጠራቸው ራሱ የተለየ ነው ወይ? ለምሳሌ የሚወድቀው አካል በዋልታ በኩል ሲመጣ በሰያፍ ስለሚመታ፣ ወይም መሬቱ በረዶ ያለበት በመሆኑ ቅርጻቸው ይለወጣል ወይ? ወይስ አፈጣጠራቸው እንደማንኛውም ጉድጓድ ሆኖ ልዩነቱ ያሉበት ቦታ ብቻ ነው? ከዚሁ ጋር፣ ስለ ሰሜኑ ዋልታ ብዙም ሳይወራ ሁሉም በደቡቡ ላይ የሚያተኩረው ለምን እንደሆነ፣ እንዲሁም በማኅበራዊ መገናኛ እንደሚባለው በጉድጓዶቹ ወለል ላይ የረጋ የበረዶ ሐይቅ መኖር አለመኖሩን ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። መልሱ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች የሚቀርብ ስለሆነ ቀመር ባይበዛበት እመርጣለሁ፤ ቁጥር ግን አይቅርብኝ።

መልስ — አለት አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

የተከበሩ መምህር፦

ተማሪዎ በመጀመሪያ ያነሣችው ጥያቄ ሊቃውንትን ለረጅም ዘመን ያከራከረ ነው። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የጨረቃ ጉድጓዶች የእሳተ ገሞራ አፎች ናቸው ብለው የሚያምኑ ጥቂት አልነበሩም። ሚዛኑን ወደ ግጭት ካጋደሉት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው እዚሁ ምድር ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ዩጂን ሹሜከርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አሪዞና በሚገኘው፣ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሰፋው ጉድጓድ ውስጥ ኮሳይት የተባለ ማዕድን መኖሩን አስታወቁ። ኮሳይት ተራው ኳርትዝ እጅግ ከፍተኛ ግፊት ሲያርፍበት የሚፈጠር ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ግፊት እሳተ ገሞራ በምድር ገጽ ላይ ሊያመጣው አይችልም።

የዋናው ጥያቄዎ መልስ አፈጣጠራቸው አይለይም የሚል ነው። ጨረቃን የሚመታ አካል ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይመጣል። በዚህ ፍጥነት የሚመጣ ድንጋይ መሬቱን እንደ ዶማ አይቆፍርም፤ የያዘው ጉልበት በቅጽበት ወደ ግፊትና ወደ ሙቀት ተለውጦ ራሱም ይፈነዳል። ከግጭቱ ነጥብ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚሮጠው የግፊት ሞገድ አለቱን ይሰባብራል፣ ከፊሉን ያቀልጣል፣ ከፊሉንም ያተናል፤ የተጨመቀው አለት ወዲያው ሲላላም ፍርስራሹ ወደ ላይና ወደ ጎን ይረጫል። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ፍንዳታው እንጂ የድንጋዩ አመጣጥ ስላልሆነ፣ ማዕዘኑ እጅግ ዝቅተኛ ካልሆነ በቀር በሰያፍ የመጣ አካልም ክብ ጉድጓድ ይተዋል። በሰያፍ መምጣቱ የሚታወቀው ከጉድጓዱ ቅርጽ ይልቅ ከፍርስራሹ አበታተን ነው። ደግሞም በሰያፍ መመታት የዋልታዎች ብቻ ዕጣ አይደለም፤ በጨረቃ ወገብም ሆነ በዋልታዋ ግጭቶች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። በአፈር ውስጥ ያለው በረዶም ቢሆን እስከ ብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚፈርሰውን አለት ጠባይ ለመለወጥ የሚበቃ አይደለም።

ቅርጹን በዋናነት የሚወስነው መጠኑ ነው። በጨረቃ ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከሚደርስ ስፋት በታች ያሉት ጉድጓዶች ቀላል የሚባሉ፣ ያለ ደረጃ ቁልቁል የሚወርድ ግድግዳ ያላቸው ጎድጓዶች ናቸው፤ ጥልቀታቸውም የስፋታቸው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከዚያ ሲሰፉ ግድግዳው የራሱን ክብደት መሸከም አቅቶት በእርከን በእርከን ወደ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ወለሉ ይደለደላል፣ በመካከሉም ከጥልቅ የተነሣ አለት ተራራ ሆኖ ይቆማል። እጅግ ሲሰፉ ደግሞ የመካከሉ ተራራ ቀርቶ ቀለበት የሚሠራ የተራሮች ሰንሰለት ይተካዋል።

ይህን ሁሉ በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ብቻ ማሳየት ይቻላል። የዋልታው ነጥብ በጠርዙ ላይ የሚያርፍበት ሻክልተን 21 ኪሎ ሜትር ስፋትና 4.2 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው፣ በሁለቱ ዓይነቶች ድንበር ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። ከእርሱ ብዙም የማይርቁት ሹሜከርና ሃዎርዝ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ፋውስቲኒ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋሉ፤ በዕድሜ ብዛት ጠርዛቸው ተሸርሽሮ ወለላቸው በፍርስራሽ ተሞልቷል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው አሙንድሰን ባለ እርከን ግድግዳና ማዕከላዊ ተራራ አለው። ከምድር በማይታየው ገጽ በኩል ያለውና 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ሽሮዲንገር በበኩሉ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ የተራራ ቀለበት በውስጡ ይዟል።

ስለ ሽሮዲንገር ጥቂት ልቆይ፤ ለእኛ አካባቢ ልጆች የሚጥም ነገር አለውና። ከዚህ ጉድጓድ ሁለት ታላላቅ ሸለቆዎች ቀጥ ብለው ይወጣሉ። አንዱ የፕላንክ ሸለቆ ሲሆን 280 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 3.5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት አለው፤ ሁለተኛው የጉድጓዱን ስም የያዘ ሲሆን 270 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 2.7 ኪሎ ሜትር ጥልቀት አለው። የእኛ ጀማ ወንዝ ባዛልቱን በልቶ ከሥሩ ያለውን የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ እስኪገልጥ ድረስ ሚሊዮኖች ዓመታት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው ግን እነዚያ የጨረቃ ሸለቆዎች የተቆፈሩት ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። ከግጭቱ የተረጨው አለት በመስመር ተሰልፎ፣ በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት እየወደቀ መሬቱን ደበደበው። ከዚህ ጥናት ለዋልታውም የሚተርፍ ነገር አለ፤ አብዛኛው የሽሮዲንገር ፍርስራሽ የተበተነው ከደቡብ ዋልታ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ፣ በዋልታው ያለውን ጥንታዊ አለት በወፍራም ሽፋን አልቀበረውም።

ሁሉም ወደ ደቡብ የሚያየው ለምንድን ነው ላሉት፣ ግማሹ መልስ ከአለቱ ጋር የተያያዘ ነው። የደቡብ ዋልታ የሚገኘው የደቡብ ዋልታና ኤትከን ተፋሰስ በሚባለው፣ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሰፋው እጅግ ጥንታዊ የግጭት ጉድጓድ ዳርቻ ላይ ነው። ይህን የፈጠረው ግጭት የጨረቃን ቅርፊት በጥልቀት ስለገለበጠው፣ በሌላ ስፍራ ብዙ ኪሎ ሜትር ተቆፍሮም የማይገኝ አለት በዚያ አካባቢ ወደ ገጹ ቀርቦ ሊገኝ ይችላል ተብሎ ይጠበቃል። እንደ ማላፐርትና እንደ ሙተን ያሉት በአካባቢው የሚታዩ ታላላቅ ተራሮች የዚሁ ተፋሰስ ጠርዝ ቅሪት ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የሙተን ተራራ ከግርጌው 6 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በሰሜን በኩል ፒሪ፣ ሄርሚትና 177 ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ሮዝዴስትቬንስኪ አሉ፤ ዋልታውን የነካ ይህን የሚያክል ተፋሰስ ግን በዚያ የለም። ሌላውን ግማሽ መልስ ስለ ፀሐዩና ስለ ቅዝቃዜው የሚያውቅ ሰው ይጨምርበት።

መልስ — ዘመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ

ወንድማችን አለት አንባቢ ስለ አፈጣጠሩ የሰጡት ማብራሪያ የተሟላ ስለሆነ እኔ ስለ ጥላው ልቀጥል። አፈጣጠራቸው አንድ ከሆነ፣ የዋልታ ጉድጓዶች የሚለዩት ከተፈጠሩ በኋላ በደረሰባቸው፣ ይልቁንም ባልደረሰባቸው ነገር ነው፤ ፀሐይ አልደረሰባቸውም።

የምድር ዛቢያ 23.4 ዲግሪ ያጋደለ ሲሆን የጨረቃ ዛቢያ ግን ከፀሐይ አንጻር ያጋደለው 1.5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በጨረቃ ዋልታ ላይ ለሚቆም ሰው ፀሐይ በአድማሱ ዙሪያ ትዞራለች እንጂ ወደ ላይ አትወጣም። ለተማሪዎችዎ እንዲህ ቢሏቸው ይቀላል፦ በእኛ አገር ፀሐይ ከደልዳላ አድማስ ከወጣች በኋላ ይህን 1.5 ዲግሪ ከፍታ ለመድረስ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይበቃታል፤ በጨረቃ ዋልታ ግን ከዓመት እስከ ዓመት ከዚህ የበለጠ ከፍታ የላትም። ስሌቱን ወደ ሻክልተን እንውሰደው። በ1.5 ዲግሪ የሚገባ ብርሃን አንዱን ጠርዝ ታክኮ 21 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ፣ ከጠርዙ በታች የሚወርደው ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወለሉ ደግሞ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ይርቃል። ይህንን ተማሪዎቹ በማስመሪያና በማዕዘን መለኪያ ወረቀት ላይ ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

ሉናር ሪኮነሰንስ ኦርቢተር የተባለው የአሜሪካ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጨረቃን እየዞረ በሌዘር የለካው የመሬት ቅርጽ እንደሚያሳየው፣ ፀሐይ ፈጽሞ የማይነካው ቦታ በደቡብ 16,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሰሜንም 13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ሰሜኑ የተናቀ አይደለም፤ ልዩነቱ የሰሜኑ ጥላ በብዙ ትንንሽ ጉድጓዶች የተበታተነ ሲሆን የደቡቡ በጥቂት ሰፋፊና ጥልቅ ጉድጓዶች የተሰበሰበ መሆኑ ነው። እንዲያውም ይኸው መንኮራኩር ከለካቸው ቦታዎች እጅግ ቀዝቃዛ ሆኖ የተገኘው በሰሜን በኩል ባለው በሄርሚት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ መጠኑም ከዜሮ በታች 247 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። እኛ መንዞች በብርድ ስማችን የሚነሣ ነን፤ የጓሳን ውርጭ ያየ ሰው ግን ይህን ቁጥር ሲሰማ አፉን ቢይዝ አይፈረድበትም፤ የፕሉቶ ገጽ እንኳ ከዚህ ይሞቃል።

ቅዝቃዜው ከጂኦሎጂ ጋር የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው። በጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ፀሐይ የነካው በረዶ ወዲያው ይተንናል። የሙቀቱ መጠን ከዜሮ በታች 163 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በታች በሆነበት ቦታ ግን በረዶ ለቢሊዮኖች ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ውሃው ራሱ ከብዙ ምንጭ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ከጥንት እሳተ ገሞራዎች ከወጣ ጋዝ፣ ከፀሐይ ከሚነፍሰው ሃይድሮጅን፣ ከአስትሮይዶችና ከጅራታም ኮከቦች። የደብረ ብርሃን ከተማ መመሥረት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ካዩት ብርሃን ጋር እንደሚያያዝ ሁላችንም ሰምተናል፤ ያን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያገናኙ ጸሐፊዎች አሉ። እንዲህ ያሉ ኮከቦች በብዛት የተሠሩት ከበረዶና ከአቧራ ስለሆነ፣ ከመካከላቸው ጨረቃን የመታ ቢኖር ከተነው ውሃ ጥቂቱ እየዘለለ ሄዶ ከእነዚያ ጥላዎች በአንዱ ሊያዝ ይችላል።

ስለ ማስረጃው ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ክሌመንታይን የተባለው የአሜሪካ መንኮራኩር በራዳር የበረዶ ምልክት አሳየ፤ በ1998 ሌላው የአሜሪካ መንኮራኩር ሉናር ፕሮስፔክተር ከገጹ በሚወጡት ኒውትሮኖች አማካይነት በሁለቱም ዋልታዎች ከፍ ያለ የሃይድሮጅን መጠን ለካ። ይኸው መንኮራኩር ሥራውን ሲጨርስ ጁላይ 31 ቀን 1999 ሆን ተብሎ በሹሜከር ጉድጓድ ውስጥ እንዲከሰከስ ተደረገ፤ ቀደም ብሎ የተጠቀሰውን የሳይንቲስቱን የሹሜከርን አመድም ይዞ ነበር። ውሃ ተረጭቶ ይታያል ተብሎ ቢጠበቅም አልታየም። ቁርጡ የታወቀው ኦክቶበር 9 ቀን 2009 ነው፤ ኤልክሮስ የተባለው የአሜሪካ ተልእኮ ባዶ የሮኬት አካል ካቢየስ በተባለው ጉድጓድ ላይ ጥሎ የተነሣውን ብናኝ ሲመረምር ከክብደቱ 5.6 ከመቶ ያህሉ ውሃ ሆኖ ተገኘ። ሐይቅ ግን አይደለም፤ ከአፈር ጋር የተደባለቀ በረዶ ነው። በሰሜን ዋልታ ደግሞ በሕንዱ መንኮራኩር በቻንድራያን 1 ላይ የነበረው ራዳር ከ2 እስከ 15 ኪሎ ሜትር በሚሰፉ ከ40 በላይ ጉድጓዶች ውስጥ በድምሩ 600 ሚሊዮን ቶን የሚገመት በረዶ እንዳለ አመልክቷል።

ተጨማሪ ጥያቄ — የጣርማበሩ መምህር

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የሻክልተኑ ስሌት ለክፍል ሥራ ተስማሚ ነው። ሁለት ነገሮች ግን ቀርተውኛል። አንደኛው ዕድሜው ነው፤ ከዋልታው ድንጋይ ሳይመጣ ሻክልተን ይህን ያህል ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል የሚሉት በምን ተመርኩዘው ነው? ሁለተኛው የግድግዳው ጉዳይ ነው። በእኛ በደብረ ሲና ቁልቁለት ክረምት በመጣ ቁጥር መሬት መንሸራተቱ የተለመደ ነው። ዝናብ በማያውቀው በሻክልተን ውስጥስ ግድግዳው እንደተፈጠረ ጸንቶ ይኖራል?

መልስ — የጎርጎ ዳር፣ ከአንኮበር

መምህር፣ ወደ ጥያቄዎ ከመግባቴ በፊት ወንድሜ ዘመንዝ በጠቀሱት በመጨረሻው ቁጥር ላይ ጥቂት የምለው አለኝ። 600 ሚሊዮን ቶን የሚለው ግምት የተመሠረተው ራዳሩ ያየው ምልክት ከበረዶ የመጣ ነው በሚል እሳቤ ላይ ነው። ተመሳሳይ ምልክት ድንጋያማና ሸካራ ከሆነ መሬትም ሊመጣ ስለሚችል ግምቱ ክርክር አላጣም። ከምድር፣ በፖርቶ ሪኮ በነበረው የአሬሲቦ ራዳር የተደረገው ፍለጋ በሜርኩሪ ዋልታዎች እንደታየው ያለ ወፍራም የበረዶ ንጣፍ በጨረቃ ላይ አላገኘም፤ የጃፓኑ መንኮራኩር ካጉያም ከጠርዙ ላይ በሚፈነጥቀው ደካማ ብርሃን የሻክልተንን ወለል አንሥቶ በግልጽ የሚታይ በረዶ አላየም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በገጹ ላይ የተጋለጠ በረዶ መኖሩን በብርሃን ነጸብራቅ አረጋግጧል፤ የተገኘውም ከቀዝቃዛ ቦታዎቹ በጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎቹ በረዶው አለ፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ ግን እጅግ ይለያያል ብለው ቢያስተምሯቸው የሚሻል ይመስለኛል። የሃይድሮጅኑ ሥርጭት ራሱ በአሁኑ ዋልታ ላይ ያልተማከለ መሆኑን ተመልክተው፣ የጨረቃ ዋልታ በጥንት ዘመን 6 ዲግሪ ያህል ርቆ ይገኝ ነበር ያሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ይህ እውነት ከሆነ ከዛሬዎቹ ጥላዎች አንዳንዶቹ ያኔ ፀሐይ ይነካቸው ነበር ማለት ነው።

ወደ ዕድሜው ልምጣ። ዋናው ዘዴ ቆጠራ ነው። አንድ መሬት ከተፈጠረ ጀምሮ በላዩ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ያለማቋረጥ ስለሚጨመሩበት፣ ብዙ የተጠራቀመበት ቦታ ያረጀ ነው። ብዛቱን ወደ ዓመት ለመለወጥ ግን መለኪያ ያስፈልጋል፤ መለኪያውም የተገኘው የአሜሪካ የአፖሎና የሶቪየት ኅብረት የሉና ተልእኮዎች ካመጧቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የቻይናው መንኮራኩር ቻንግኤ 5 ካመጣው ድንጋይ ነው። የድንጋዩ ዕድሜ በቤተ ሙከራ ይታወቃል፣ ድንጋዩ በተነሣበት ሜዳ ላይ ያሉት ጉድጓዶችም ይቆጠራሉ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድናም ወደ ሌሎች ቦታዎች ይወሰዳል።

በዋልታ አካባቢ ይህ ዘዴ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምታበራ ትንንሾቹ ጉድጓዶች በረጅም ጥላ ይዋጣሉ፤ ይህን የሌዘሩ ካርታ በብዛት አቃሎታል። ሁለተኛው ፈተና የጠየቁት ግድግዳ ነው። በቁልቁለት ላይ አፈሩ ስለሚንሸራተት ትንንሽ ጉድጓዶች ቶሎ ይደመሰሳሉ፤ በዚያ ላይ የቆጠረ ሰው ዕድሜውን አሳንሶ ያገኘዋል። ሻክልተን ቀደም ሲል እጅግ ወጣት ነው ተብሎ የታሰበበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ወደ 3.6 ቢሊዮን ዓመት ከፍ አደረገው፤ ከዚያ የተከተለ የሌዘር ካርታ ጥናትም 3.5 ቢሊዮን ገደማ አግኝቷል። ሹሜከር፣ ሃዎርዝና ፋውስቲኒ ደግሞ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ናቸው። የሰሜን ሸዋን አምባዎች የሠራው ባዛልት በጥንታዊው ክፍሉ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ተማሪዎችዎ ካወቁ፣ ከሁሉ ወጣት የሆነው ሻክልተን እንኳ ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ እንደሚያረጅ ራሳቸው አስልተው ይደርሱበታል።

ግድግዳው ጸንቶ አይኖርም። ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ልቅ አፈር ሊይዝ በሚችለው የመጨረሻ ልክ ላይ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የሌዘር ጥናት የሻክልተን ግድግዳ ከወለሉ ይልቅ ብርሃን የሚመልስ ሆኖ አግኝቶታል፤ ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሰጡት ምክንያት በጠፈር ጨረር የጠቆረው የላይኛው አፈር እየተንሸራተተ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ነጣ ያለ አፈር መጋለጡ ነው። በደብረ ሲና ቁልቁለቱን የሚያንሸራትተው ዝናብ ያረሰረሰው አፈር ነው፤ በዚያ ይህን ሥራ የሚሠሩት አዳዲስ ግጭቶችና የጨረቃ መንቀጥቀጥ ናቸው። የአፖሎ መሣሪያዎች ማርች 13 ቀን 1973 በሬክተር መለኪያ 5 ገደማ የሚደርስ መንቀጥቀጥ መዝግበዋል፤ በቅርቡ የወጣ ጥናት ይህን መንቀጥቀጥ በደቡብ ዋልታ አካባቢ ከሚታዩ ስንጥቆች ጋር አያይዞታል። ጨረቃ ውስጧ እየቀዘቀዘ ስትኮማተር ቅርፊቷ በእነዚህ ስንጥቆች ላይ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል።

ድንጋይን በተመለከተ፣ እስካሁን ከዋልታው አጠገብ የመጣ ናሙና የለም። የሕንዱ ቻንድራያን 3 ኦገስት 23 ቀን 2023 በ69 ዲግሪ ደቡብ አርፎ፣ ትንሿ ተሽከርካሪው አፈሩን ስትመረምር በአብዛኛው አኖርቶሳይት ከተባለው ነጣ ያለ አለት የመጣ መሆኑን አሳይታለች፤ ይህም ጨረቃ ገና በተፈጠረችበት ጊዜ ገጿን ሸፍኖ ከነበረው የቀለጠ አለት ባሕር ላይ ተንሳፍፎ የረጋው ቅርፊት ነው። የቻይናው ቻንግኤ 6 በጁን 2024 ከዚሁ ከኤትከን ተፋሰስ ውስጥ፣ ከዋልታው ግን ርቆ፣ 1,935.3 ግራም ይዞ ተመለሰ፤ በውስጡ የተገኙት ቁርጥራጮች የተፋሰሱን ዕድሜ 4.25 ቢሊዮን ዓመት አድርገውታል። ለሻክልተንም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ሲፈጠር ከቀለጠው አለት ረግቶ የቀረ አንድ ቁራጭ በቤተ ሙከራ ቢመረመር የቆጠራው ክርክር ያበቃል።

መልስ — አለት አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

ጎርጎ ዳር ባሉት ሁሉ እስማማለሁ። ለመምህሩ አንድ ተግባራዊ ነገር ብቻ ልጨምር። ሻክልተንን ከምድር ሆኖ በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ማየት አይቻልም፤ በጨረቃ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ ይሸሸጋል። ጨረቃ ደቡብ ጎኗን ወደ እኛ ጥቂት በምታዘነብልበት ወቅት ግን የማላፐርትና የሙተን ተራሮች በጠርዟ ላይ እንደ ጉብታ ወጥተው ሊታዩ ይችላሉ። ለተማሪዎች የሚሻለው በ70 ዲግሪ ደቡብ የሚገኘው ሞሬተስ ነው። ስፋቱ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ባለ እርከን ግድግዳውና የመካከሉ ተራራ በግልጽ ይለያሉ። ጨረቃ ግማሽ ከሆነች ማግስት ብትመለከቱት ፀሐይ ገና እየወጣችበት ስለሚሆን የመካከሉ ተራራ ጥላ በወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ከእርሱ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ያለው ሰፊ ጉድጓድ ክላቪየስ ነው፤ በወለሉ ላይ በቅስት የተደረደሩትን ትንንሽ ጉድጓዶች ቢያስቆጥሯቸው ከላይ ስለ ዕድሜ የተባለውን ዘዴ በዓይናቸው ይለማመዱታል። በእኛ ኬክሮስ ጨረቃ ከፍ ብላ ስለምታልፍ አየሩ ምስሉን ብዙም አያናውጠውም፤ ጭጋጉ ከጣርማበር የሚነሣበትን ከኅዳር ወዲህ ያለውን በጋ ግን ይምረጡ።